ከተርባይኑ እስከ ቆጣሪው፦ የንፋስ ኃይል ማመንጫን ሪአክቲቭ ኃይል በወረቀት የማስላት መመሪያ

ከደሴ ወደ አቀስታ የተጓዘ ሰው የወሎ ደጋ ንፋስ አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ጋቢውን ከትከሻው ሲገፈው አውቆታል። ስለዚህ ወጣት መሐንዲሶች ስለዚህ ደጋ ሲያወሩ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ስንት ሜጋ ዋት ይወጣዋል? እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ስንት ሜጋቫር (የሪአክቲቭ ኃይል መለኪያ) ይጎድለዋል?

ይህን የጻፍኩት በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ሥራቸውን ለሚያዘጋጁ ተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣት ባለሙያዎች ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሉክ ወረቀት፣ እርሳስና ተራ ካልኩሌተር ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ ጥናት ከዚህ በኋላ ይመጣል። በእጁ ያላሰላ ሰው ኮምፒውተሩ አሥር እጥፍ የተሳሳተ ቁጥር ቢያወጣለት እንኳ አይነቃም፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። የእንጀራ ምጣድ የወሰደውን ኃይል ሁሉ ሙቀት ያደርገዋል፤ ከመስመሩ የሚፈልገው አክቲቭ ኃይልን፣ ማለትም ሥራ የሚሠራውን ኃይል፣ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሐይቅ ወፍጮ ቤት ሞተር ግን ድንጋዩን ከሚያዞረው ኃይል ሌላ፣ በውስጡ መግነጢሳዊ መስክ ለማቆም የሚወስደውና መልሶ የሚሰጠው ኃይል አለው፤ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ይወስዳል፣ መቶ ጊዜ ይመልሳል። የሸማኔን መወርወሪያ አስቡ። ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል እንጂ እርሱ ራሱ ጨርቅ አይሆንም፤ ያለ እርሱ ግን ጨርቅ የለም። ሪአክቲቭ ኃይል የምንለው ይህ ምልልስ ነው። ሽቦውን ያጨናንቃል፣ ሲጎድል ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ሲተርፍ ቮልቴጅ ይወጣል።

መጀመሪያ፦ ቁጥሮቹን ጠይቁ

ሦስት ዓይነት ሰነድ ያስፈልጋችኋል። ከተርባይን አምራቹ የአክቲቭና የሪአክቲቭ ኃይል ገበታ፤ የትራንስፎርመሮቹና የኬብሎቹ መግለጫ፤ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ጣቢያው የሚገናኝበት ነጥብ የሾርት ሰርኪዩት አቅም (መረቡ እዚያ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር)፣ የተፈቀደው የቮልቴጅ ወሰንና የሚጠየቀው ፓወር ፋክተር (አክቲቭ ኃይሉ ከጠቅላላው ኃይል ያለው ድርሻ)።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። የሾርት ሰርኪዩት አቅም ስትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ትልቁ ቁጥር ነው፤ ማቋረጫ መሣሪያ የሚመረጠው በእርሱ ስለሆነ። ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው ግን ትንሹ ነው፤ አንድ መስመር ተቋርጦ፣ ጥቂት ጄኔሬተሮች ብቻ እየሠሩ ያለው። በጦርነቱ ጊዜ የሰሜን ወሎ ከተሞች ለወራት ያለ መብራት መቆየታቸውን የምናስታውስ ሰዎች መስመር መቋረጡን እንደ ተረት ልንቆጥረው አይገባም። በደብዳቤያችሁ ላይ «ከፍተኛውና ዝቅተኛው» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩም አስምሩበት።

ሌላም አለ። ፓወር ፋክተሩ የሚለካው የት ነው? በተርባይኑ ሥር፣ በጣቢያው በር ወይስ ኮምቦልቻ? ይህን ሳይጠይቅ ስሌት የጀመረ ሰው የሌላውን ሰው ፈተና እየሠራ ነው።

ሁለተኛ፦ ንድፉን በአንድ መስመር ሳሉ

ለልምምድ የምንጠቀምበትን ጣቢያ ላቅርብ። እውነተኛ ፕሮጀክት አይደለም፤ ቁጥሮቹም ለትምህርት የተመረጡ ናቸው። ከደሴ በስተምዕራብ ባለው ደጋ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው 2.5 ሜጋ ዋት የሆኑ 20 ተርባይኖች አሉን፤ በድምሩ 50 ሜጋ ዋት። በእያንዳንዱ ሥር ቮልቴጁን ወደ 33 ኪሎ ቮልት የሚያወጣ 2.8 ሜጋ ቮልት አምፒር (የጠቅላላ ኃይል መለኪያ) ትራንስፎርመር አለ፤ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለካረንት ያለው ተቃውሞ፣ 6 በመቶ። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር የመሬት ውስጥ ኬብል፣ ከዚያ 63 ሜጋ ቮልት አምፒር የሆነ ዋና ትራንስፎርመር፤ ኢምፒዳንሱ 12.5 በመቶ። ከእርሱ የ132 ኪሎ ቮልት መስመር ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ወደ ኮምቦልቻ ማከፋፈያ ጣቢያ ይወርዳል። የመስመሩ ሪአክታንስ (ሪአክቲቭ ኃይል የሚበላው የተቃውሞ ክፍል) በኪሎ ሜትር 0.4 ኦም ነው፤ ባጠቃላይ 16 ኦም። ሬዚስታንሱ (ኃይልን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ክፍል) 6.4 ኦም። ኮምቦልቻ ላይ ያለው የሾርት ሰርኪዩት አቅም በደህናው ቀን 600፣ በክፉው ቀን 300 ሜጋ ቮልት አምፒር ነው እንበል። የሚጠየቀው ፓወር ፋክተር 0.95፣ የሚለካውም ኮምቦልቻ ነው። የአምራቹ ካታሎግም ተርባይኑ 0.95 ይችላል ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እርሳሱን ያስቀምጣል። «የተጠየቀው 0.95፣ ተርባይኑ የሚችለው 0.95፤ በቂ ነው» ይላል። እኔም በወጣትነቴ በአንድ ሪፖርት ላይ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። ወረቀቱን የመረመሩት አንጋፋ መሐንዲስ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው መለሱልኝ፦ «ልጄ፣ የመንገዱን ማን ይከፍላል?»

ሦስተኛ፦ የመንገዱን ክፍያ ደምሩ

ሙሉ ንፋስ አለ፤ 50 ሜጋ ዋት እየወጣ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ተርባይኖቹ አክቲቭ ኃይል ብቻ ይልካሉ ብላችሁ አስሉ። ለትራንስፎርመር የሚያልፈውን ኃይል በራሱ አባዙ፣ ለትራንስፎርመሩ አቅም አካፍሉ፣ በኢምፒዳንሱ አባዙ።

የትናንሾቹ ትራንስፎርመሮች ፍጆታ፦ 2.5 × 2.5 ÷ 2.8 × 0.06 = 0.134። በ20 ሲባዛ 2.7 ሜጋቫር።

የዋናው ትራንስፎርመር፦ 50 × 50 ÷ 63 × 0.125 = 5.0 ሜጋቫር። ከሁሉ የሚበልጠው በላተኛ ይህ ነው።

የመስመሩ፦ 50 × 50 ÷ (132 × 132) × 16 = 2.3 ሜጋቫር።

የኬብሎቹ ሪአክታንስ ትንሽ ነው፤ ለሦስት ቅርንጫፍ ተከፍሎ ሲሰላ 0.3 ገደማ ይመጣል። ትራንስፎርመሮቹ ንፋስ ቢኖርም ባይኖርም ማግኔታቸውን ለማቆም የሚወስዱት ደግሞ አለ፤ ለዚህ ጣቢያ 0.9 ያዙ። ድምሩ 11.2 ሜጋቫር።

ከዚህ ላይ የሚቀነስ ገቢ አለ። ኬብል በተፈጥሮው ካፓሲተር፣ ማለትም ሪአክቲቭ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ፣ ነው። በኪሎ ሜትር 0.2 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን 314 × 0.2 ÷ 1,000,000 × 33 × 33 = 0.068 ሜጋቫር በኪሎ ሜትር ያመነጫል (314 ማለት 2 × 3.14 × 50 ኸርዝ ነው)፤ ለ30 ኪሎ ሜትር 2.05። የ132 መስመሩም በኪሎ ሜትር 2.8 ማይክሮ ሲመንስ ተይዞ ለ40 ኪሎ ሜትር 1.95 ያዋጣል። ገቢው 4.0 ሆነ። የተጣራው ዕዳ እንግዲህ 7.2 ሜጋቫር ነው።

እስካሁን ገና ለኮምቦልቻ አንዲት ሜጋቫር አላስረከብንም። በ0.95 ፓወር ፋክተር 50 ሜጋ ዋት ማለት 50 × 0.329 = 16.4 ሜጋቫር ማለት ነው፤ 0.329 በዚህ ፓወር ፋክተር ሪአክቲቭ ኃይል ለአክቲቭ ኃይል ያለው ጥምርታ ነው። ይህን ስንልክ በሽቦው የሚያልፈው ካረንት ይጨምራል፤ ፍጆታው ደግሞ ከካረንቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ ስሌቱ ሁለተኛ ዙር ይጠይቃል። ከላይ ያሉትን መስመሮች በአዲሱ ካረንት ብትደግሟቸው ዕዳው ከ7.2 ወደ 8.9 ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ተርባይኖቹ ማመንጨት ያለባቸው 16.4 ሲደመር 8.9፣ ማለትም 25.3 ሜጋቫር ነው።

ያላቸውስ? እያንዳንዱ በ0.95 የሚሰጠው 0.82 ሜጋቫር ነው፤ ሃያው 16.4። ዘጠኝ ሜጋቫር ጎደለ። የካታሎጉ 0.95 እና የቆጣሪው 0.95 በስም አንድ ሆነው በመካከላቸው ሁለት ትራንስፎርመርና 40 ኪሎ ሜትር መስመር አለ።

አራተኛ፦ ገበታውን በከፍታው አንብቡት

ከአምራቹ የመጣው ገበታ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ» የሚል ሊኖረው ይችላል። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእኛ ጣቢያ ከዚያም በላይ። እዚያ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠለል በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪሎ ግራም የሚመዝነው አየር በ3,000 ሜትር 0.86 ገደማ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሁለት ነገር ይለወጣል። በአንድ ዓይነት የንፋስ ፍጥነት ክንፉ የሚያገኘው ኃይል በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ኮንቨርተሩን (የተርባይኑን ኃይል ለመረቡ እንዲስማማ የሚለውጠውን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ) የሚያቀዘቅዘው አየርም ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ካረንት ይቀንሳል፤ ካረንት ሲቀነስ ደግሞ አምራቾች መጀመሪያ የሚሠዉት ሪአክቲቭ ኃይሉን ነው። አክቲቩ ይሸጣላ! ከሪአክቲቭ ኃይሉ አሥር በመቶ ብቻ ቢቀነስ እንኳ 1.6 ሜጋቫር ከእጃችሁ ወጣ፤ ጉድለቱም ዘጠኝ መሆኑ ቀርቶ አሥር ከግማሽ ይሆናል። ስለዚህ በጣቢያው ከፍታና ሙቀት የተዘጋጀ ገበታ፣ ፊርማ ያለበት፣ ጠይቁ።

የተርባይኑ ዓይነትም ይጠየቃል። የመቀሌው አሸጎዳ የንፋስ ኃይል ማመንጫ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ 120 ሜጋ ዋት የነበረው ሲሆን፣ 30ዎቹ ተርባይኖች ባለ ሁለት ክንፍ፣ 54ቱ ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው፤ በአንድ ጣቢያ ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ገበታ ሊኖር እንደሚችል አስቡ። የአዳማ አንድ 34 ተርባይኖች ደግሞ ያለ ማርሽ ጄኔሬተሩን በቀጥታ የሚያዞሩ፣ ኃይላቸው በሙሉ በኮንቨርተር የሚያልፍ ናቸው። እንዲህ ያለው ዓይነት ለዚያ ከተዘጋጀ ንፋስ በሌለበትም ሰዓት ሪአክቲቭ ኃይል መስጠትና መውሰድ ይችላል። «ይችላል» እና «ተገዝቷል» ግን ይለያያሉ፤ ውሉ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

አምስተኛ፦ ንፋስ የሌለበትን ሌሊት አትርሱ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ክንፎቹ ቆመዋል፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሥራ ቀንሰዋል፤ ቮልቴጁ አስቀድሞም ከፍ ብሏል። ኬብሉና መስመሩ ግን ቮልቴጅ እስካላቸው ድረስ 4.0 ሜጋቫር ማመንጨታቸውን አያቆሙም። ትራንስፎርመሮቹ ከዚህ 0.9 ይወስዳሉ፤ 3.1 ወደ ኮምቦልቻ ይፈስሳል። ቀን ሲለምን የዋለ ጣቢያ ሌሊት ማንም ያልጠየቀውን ስጦታ ያድላል።

ስድስተኛ፦ ቮልቴጁን ገምቱ

የቮልቴጅ ለውጥ ግምት ይህ ነው፦ አክቲቭ ኃይል በሬዚስታንስ፣ ሪአክቲቭ ኃይል በሪአክታንስ ተባዝተው ይደመሩና ለቮልቴጁ ካሬ ይካፈላሉ። የ132 ካሬ 17,424 ነው። የኮምቦልቻን ሪአክታንስ ለማግኘት 17,424 ÷ 600 = 29 ኦም። ከመስመሩ 16 ጋር 45 ኦም።

የሌሊቱ 3.1 ሜጋቫር በጣቢያው በር ቮልቴጁን 3.1 × 45 ÷ 17,424፣ ማለትም 0.8 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ብቻውን ብዙ አይደለም፤ ከፍ ብሎ በቆየ ቮልቴጅ ላይ ሲጨመር ግን የመከላከያ ሪሌይን ሊቀሰቅስ ይችላል። በሙሉ ንፋስ ደግሞ 50 × 6.4 ÷ 17,424 = 1.8 በመቶ ከመስመሩ ሬዚስታንስ ብቻ ይወጣል። ጣቢያው 10 ሜጋቫር ቢወስድ 2.6 በመቶ ይወርዳል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በወረቀታችሁ ጥግ ጻፏቸው፤ የኮምፒውተሩ ውጤት ከእነርሱ በጣም ከራቀ ኮምፒውተሩን ሳይሆን ያስገባችሁትን መረጃ ጠርጥሩ።

የመረቡን ጥንካሬ ለማወቅ 17,424 ÷ 45 = 387 ሜጋ ቮልት አምፒር፤ ለ50 ሲካፈል 7.7። በክፉው ቀን፣ ኮምቦልቻ ላይ 300 ሲሆን፣ 4.7 ይሆናል። ከ3 በታች ሲወርድ መረቡ ደካማ ይባላል፤ ኮንቨርተሮች እርስ በርሳቸው መናወጥ የሚጀምሩት በዚያ አካባቢ ነው። ስለዚህ በዚሁ ደጋ ላይ «እስከ 150 ሜጋ ዋት እናሳድገዋለን» የሚል ካለ፣ በደህናው ቀን እንኳ 387 ÷ 150 = 2.6 መሆኑን አሳዩት።

ሰባተኛ፦ ጉድለቱን ሙሉ፣ ግን ቀስ ብላችሁ

ርካሹ መፍትሔ በ33 ኪሎ ቮልቱ ላይ 9 ሜጋቫር ካፓሲተር መትከል ነው። ሁለት ወጥመድ አለበት።

የመጀመሪያው የመዝለል ችግር ነው። ዋናው ትራንስፎርመር በ132 በኩል ሲታይ 34.6 ኦም ነው፤ ከ45 ጋር 79.6። እዚያ ያለው የሾርት ሰርኪዩት አቅም 219 ነው፤ በክፉው ቀን 160 ገደማ። 5 ሜጋቫር በአንድ ጊዜ ስትሰኩ በክፉው ቀን ቮልቴጁ 5 ÷ 160፣ 3.1 በመቶ ይዘላል። ብዙ ነው። ሦስት ባለ 3 ሜጋቫር ብታደርጉት እያንዳንዱ 1.9 በመቶ ብቻ ያነሣል። በዚህ ላይ ካፓሲተር በቸገረ ጊዜ የሚከዳ ወዳጅ ነው፤ ቮልቴጅ ወደ 90 በመቶ ሲወርድ የሚሰጠው 81 በመቶ ነው፣ በካሬ ስለሚቀንስ።

ሁለተኛው ወጥመድ ድምፅ የለውም። ካፓሲተርና የመረቡ ሪአክታንስ አብረው የሚርገበገቡበት ድግግሞሽ አላቸው፤ የሾርት ሰርኪዩቱን አቅም ለካፓሲተሩ አካፍላችሁ የካሬ ሥሩን ውሰዱ። የኬብሉን 2.05 ማካተት አትርሱ። ሁለት ካፓሲተር ሲሰኩ 219 ÷ 8.05 = 27.2፤ የካሬ ሥሩ 5.2። ከአምስተኛው ሃርሞኒክ (የ50 ኸርዝ አምስት እጥፍ ከሆነው የሚረብሽ ሞገድ) ጋር ትከሻ ለትከሻ ማለት ነው፤ የአምስተኛው ሃርሞኒክ ምንጭ የሆኑ የፋብሪካ ሬክቲፋየሮች (ተለዋዋጭ ካረንትን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡ መሣሪያዎች) ደግሞ በአካባቢው አይጠፉም። መድኃኒቱ ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ 7 በመቶ ሪአክተር ማሰር ነው፤ የመርገብገቢያውን ነጥብ ወደ 189 ኸርዝ፣ ከአምስተኛው በታች ያወርደዋል።

ስታትኮም፣ ማለትም ሪአክቲቭ ኃይልን በፍጥነት የሚሰጥና የሚወስድ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ፣ ሁለቱንም ወጥመድ ይዘላል፤ ሌሊትም ትርፉን ይወስዳል፣ በ90 በመቶ ቮልቴጅም 90 በመቶውን ይሰጣል። ዋጋው ግን ይመራል። ለዚህ ጣቢያ የእኔ ምርጫ ሁለት ባለ 3 ካፓሲተር ከነሪአክተራቸውና ከ3 እስከ 5 ሜጋቫር የሚሆን ስታትኮም ነው። የሚያስደነግጥ ድንገተኛ ለውጥን ስታትኮሙ ይይዛል፣ ዘገምተኛውን ሸክም ካፓሲተሮቹ ይሸከማሉ። የዋናው ትራንስፎርመር ታፕ ቼንጀር (ቮልቴጁን በደረጃ የሚያስተካክለው ክፍል) ለዚህ ጨዋታ ቀርፋፋ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያግዛል እንጂ በሴኮንድ ውስጥ አይደርስም።

ስምንተኛ፦ ትእዛዝ ሰጪው አንድ ይሁን

ሃያ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው ቮልቴጅ ልጠብቅ ቢሉ እርስ በርስ ይጎተታሉ። አንድ የጣቢያ መቆጣጠሪያ በመገናኛው ነጥብ ይለካና ለሁሉም ያካፍላል። ስልቱን በቮልቴጅ ላይ አድርጉት፤ ቋሚ ፓወር ፋክተር ንፋስ በተለዋወጠ ቁጥር ሪአክቲቭ ኃይሉን ያወዛውዘዋል። 4 በመቶ ተዳፋት ብትሰጡት ቮልቴጅ 1 በመቶ ሲወርድ 4.1 ሜጋቫር ይሰጣል፣ 4 በመቶ ሲወርድ 16.4ቱን በሙሉ። መስመር ላይ አደጋ ደርሶ ቮልቴጅ በድንገት ሲሰምጥ ግን ይህ መቆጣጠሪያ አይደርስም፤ እያንዳንዱ ተርባይን ከመረቡ ሳይወጣ በራሱ ሪአክቲቭ ካረንት መስጠት አለበት። አንዳንድ አገሮች ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የቮልቴጅ ጉድለት ከተርባይኑ ሙሉ ካረንት ቢያንስ 2 በመቶ ይጠይቃሉ።

ዘጠነኛ፦ ከማስረከብ በፊት ምልክቱን ፈትሹ

በአንድ ጣቢያ ሙከራ ላይ እኛ በስክሪናችን 8 ሜጋቫር «ሲደመር» እናነባለን፤ በስልክ የምናነጋግረው የማከፋፈያ ጣቢያ ኦፕሬተር 8 «ሲቀነስ» ይላል። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለታችንም ልክ ሆነን ተገኘን፤ እኛ የሚወጣውን፣ እርሱ የሚገባውን ነበር ሲደመር ያልነው። እፎይ ብለን ወደ ቮልቴጅ ስልት ስናዞረው ግን ጣቢያው ቮልቴጅ በወረደ ቁጥር ሪአክቲቭ ኃይል መውሰድ ጀመረ፤ ሲወስድ ይብስ ይወርዳል፣ ይብስ ሲወርድ ይብስ ይወስዳል። ለመቆጣጠሪያው የሚለካው የካረንት ትራንስፎርመር ተገልብጦ ታስሮ ነበር። ሪሌዩ ጣቢያውን ባይቆርጠው ኖሮ ምን እንደሚሆን እንጃ።

ስለዚህ ሙከራውን እንዲህ አድርጉ። ከኦፕሬተሩ ጋር አስቀድማችሁ በቃል ተስማሙ፤ «ሲደመር» እና «ሲቀነስ» ሳይሆን «ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ» እና «ከኮምቦልቻ የሚመጣ» በሉ። መቆጣጠሪያውን በእጅ ስልት አድርጋችሁ 2 ሜጋቫር ወደ ኮምቦልቻ ላኩ። የበሩ ቮልቴጅ 2 × 45 ÷ 17,424፣ ወደ 0.5 በመቶ፣ ከፍ ማለት አለበት። ከወረደ አንድ ሽቦ ተገልብጧል፤ አቁሙና ፈልጉ። ከወጣ ወደ ዜሮ መልሱትና 2 ሜጋቫር ከኮምቦልቻ ውሰዱ፤ በዚያው መጠን መውረድ አለበት። ሁለቱም ልክ ከሆኑ በኋላ ብቻ ወደ ቮልቴጅ ስልት አዙሩ። ከዚያ ንፋሱ ሲበረታ የ16.4 ሙከራ ይደረጋል፤ ኮምቦልቻ ያለው ቆጣሪ በየ15 ደቂቃው እየተነበበ በሁለቱም ወገን መዝገብ ላይ ይጻፋል። የሌሊት ስምንት ሰዓቱ ንባብም፣ እንቅልፍ ቢያሸንፍም፣ በዚያው መዝገብ ላይ መኖር አለበት።